ከነመንገደኛዋ የተሸጠችው መርከብ

ሚኒያፖሊስ፣ ሲዋርድ
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

«መርከቧ ከነመንገደኛዋ ነው የተሸጠችው።»

እትዬ ሮማን፣ ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ መጀመሬን ይቅር በይኝ። ቃሉ የእኔ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ደጀኔ ሻይ ሊቀዳ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ቆሞ ሳለ አንዱ አስተናጋጅ ለሌላው ሲናገር የሰማው ነው። ደጀኔ ሰምቶ ዝም ያለው ነገር እስካሁን የለም። ሻዩን እዚያው ረስቶ ዜናውን ይዞ ወደ ጠረጴዛችን መጣ።

አሁን ወደ ወጉ ልመለስ። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ክረምቱን ያሻገረሽ አምላክ ዐዲሱንም ዓመት በደጅሽ በደኅና ያስገባው። እኔ ይመስገነው ደኅና ነኝ። አሁንም የምሠራው እዚያው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። እነሱ «ወጣቱ» ይሉኛል። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝን ሰው እንዲህ የሚሉት ዘጠና የደረሱ ብቻ ናቸውና አልከፋኝም።

መርከቧ በየዓመቱ የምጽፍልሽ ናት። እድራችን ማንም ባልሞተበት ዓመት ምን ይሥራ ተብሎ የተጀመረ ጉዞ ነው። ኋላ ሰው መሞት ጀመረ፤ ጉዞው ግን አልቀረም። ፍልሰታ ሲፈታ ሃያ ምናምን ሆነን ሌዲ ማርገሬት በምትባል ትንሽ መርከብ ከሴይንት ፖል ተነሥተን በሚሲሲፒ ቁልቁል እንወርዳለን፤ ሁለት ሌሊት አድረን እንመለሳለን። ይኸው አሥራ አንድ ዓመታችን። የቀሩት መንገደኞች እንደ እኛው በየዓመቱ የሚመላለሱ ያገሬው ሽማግሌዎች ናቸው።

እንግዲህ የደጀኔን ወሬ ሁሉም እንዳለ ተቀበለው። ተሸጠናል ተባለ። የጋሼ አለልኝ ጓደኛ ዱጋሳ፣ ያ አውቶቡስ ነጂው፣ ማንኪያውን አስቀምጦ በጥሞና አሰበና «ድሮ ርስት ከነጭሰኛው ነበር ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው፤ አያቴ እንዲህ ሄዷል» አለ። «እኔ ውቅያኖስ የተሻገርኩት ታዲያ ለምንድን ነው?» ብሎ ማንኪያውን መልሶ አነሣ።

ምሳ ላይ ካፒቴኑ ራሱ አናውንስ አደረገው። ሌዲ ማርገሬት አዲስ ባለቤቶች አግኝታለች፣ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም አለ። እትዬ ሮማን፣ እኔ በዕድሜዬ «ምንም አይለወጥም» ሲባል ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሻንጣ ገዝቻለሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሾርባው ጨው በዛበት። ወለሉ ወደ ግራ አዘነበለ። ዱጋሳ ካቢኑ ገብቶ ሲለካ አልጋው በአንድ ስንዝር አጥሯል። በቀጣዩ ጠረጴዛ የተቀመጠች፣ አሥራ አራት ዓመት የተመላለሰች ፈረንጅ ባልቴት ግድግዳውን እየዳበሰች አለቀሰች። አዲሱ ባለቤት ተደብቆ አብሮን ሳይሳፈር አልቀረም ተባለና ነጭ ጫማ ያደረገ አንድ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ በዓይን ተጠበቀ። የጥርስ ሐኪም ሆኖ ተገኘ።

ጋሼ አለልኝ እንደ ወትሮው ከኋላው በረንዳ ላይ ወንበሩን አውጥቶ፣ ጥለነው የመጣነውን ውሃ ሲያይ ነበር። ማስታወቂያውን ሲሰማ ተነሥቶ ወደ ካፒቴኑ ሄደና «ከመሸጧ በፊት ማን ተጠየቀ?» አለው። ካፒቴኑ ባለቤቶቹ ናቸው አለ። «ባለቤቶቹን አላልኩም። የሚቀመጡባትን ነው ያልኩት» አለው። ካፒቴኑ ግራ ገብቶት የነፃ መጠጥ ኩፖን ሰጠው። ልጁ ሶሊያና አፈረችና «ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ቦት» አለችው። መርከብ ብቻ ናት እኮ ማለቷ ነው። «አዎ፣ ቤትም ቤት ብቻ ነው» አላት፤ እሷ እንግሊዝኛ፣ እሱ አማርኛ።

የምትጠብቂውን ወሬ መጨረሻ ላይ ማድረጌ ልማዴ ነው። ጋሼ አለልኝ ትንሽ ከስቷል። ያለ ምርኩዝ ይሄዳል። ስምሽን እንደ ወትሮው ጠጋ ብዬ ጣል አደረግሁ። «እትዬ ሮማን ደኅና ናት» አልኩት። «ውሃው ዘንድሮ ቀንሷል» አለኝ። አባታችሁ አባባ ቂርቆስ በሞቱ በወሩ የጉለሌው ቤት መሸጡን ከጎረቤት ከሰማና ከተኳረፋችሁ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው፤ አንቺን ባነሣሁ ቁጥር ወንዙ ወይ ይሞላል ወይ ይቀንሳል።

የጉልበትሽን ቅባት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሩት ታደርስልሻለች፤ ለእንቁጣጣሽ ትገባለች።

ወንድምሽ ንዋይ


አዲስ አበባ፣ ጀሞ
ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለንዋይ፤

በሰው አገር ጤናህን የሚጠብቅልህ መድኃኔዓለም አሁንም አይለይህ፤ ብርዱንም ያቅልልህ። እኔ ደኅና ነኝ። ቅባቱ ደርሶኛል፤ ጉልበቴ ግን መድረሱን ገና አልሰማም።

እኔ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከነአጥሩ የተሸጠ አይቻለሁ። ከነቆጣሪው፣ ከነጉድጓድ ውሃው አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ከነውሻው የተሸጠ ነበር፤ ውሻው በስም ተጽፎ። ከነመንገደኛው የሚል ውል ግን አላጋጠመኝም። ደጀኔ የሚባለው ሰውዬ የሰማውን ሁሉ የሚያምን ከሆነ የእድሩን ቁልፍ አታስይዙት።

አንተ ስለ መርከብ የጻፍክልኝ መስሎሃል። «ከመሸጧ በፊት ማን ተጠየቀ» ሲል ድምፁ ከፍ ያለ ነበር ወይስ ዝቅ ያለ? ያንን አልጻፍክም። ሾርባውን ጽፈሃል። የሰውዬውን ጫማ ጽፈሃል። አለልኝ ሲቆጣ ድምፁ ይወርዳል፤ ሲያዝን ነው የሚጮኸው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ይህን ገልብጦ ነው የሚያነበው።

ስለ ቤቱ አልጠየቅኸኝም፤ ጨዋ ነህ። ብትጠይቀኝም የምመልስልህ የለኝም። የማልመልሰው መልስ አጥቼ አይደለም።

ከእንግዲህ ቅባቱን ተወው። አለልኝ የሚለውን ብቻ እንዳለ ጻፍልኝ። አታሳምርልኝ፤ ማሳመር ትወዳለህ።

ይህን ሩት ስትመለስ ይዛልህ ትመጣለች። በስልክ እንዳትለኝ፤ ልጆቹ ስልኬን እንደ ጋራ ዕቃ ነው የሚያነሡት።

እህትህ ሮማነወርቅ


ሚኒያፖሊስ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ሮማን፤

ነገ የነቢያት ጾም ይገባልና በሰላም ጀምረሽ በሰላም ለመፍታት ያብቃሽ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ተቆጥቶ ነበር ማለት ነው። እኔ ደክሞት ነው ብዬ ነበር።

እድራችን ስለ መርከቧ ሁለት ስብሰባ አድርጎ በአንድ ነገር ተስማማ፦ ሰው በደኅና ጊዜ መርከብ አይሸጥም፤ ጠብ አለ። ጠብ ካለ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል። ኢሜይል ይላክ ያለችው ሶሊያና ብቻ ናት። የተላክነው ጋሼ አለልኝ፣ ዱጋሳና እኔ ነን።

ቢሮው ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ከባቡሩ መስመር ፊት ለፊት ነው። በካፖርታችን ላይ ጋቢ ደርበን ገባን። መርከቧን ሜኔጅ የምታደርገው ኬሊ የምትባል አርባ ያልሞላት ሴት ናት። ተቀመጡ አለችን። ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ እንደማይቀመጥ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እሷ አታውቅም። እንደገና ተቀመጡ አለች። ቆምን። ሦስተኛ ጊዜ ስትለምነን ቆምን። መቀመጡን ፈርታ እሷም ተነሣች። በመስታወቱ በኩል ያየን ሌላ ሠራተኛ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቆመ። እንዲህ ሆነን ሁለት ባቡር አለፈ።

ነገሩን ዘሎ መጀመር ነውር ነውና በዱጋሳ አስተርጓሚነት መጀመሪያ ጤናዋን ጠየቅን። ልጆቿን ጠየቅን። እናቷን ጠየቅን። «አባትሽስ እንደምን አሉ?» አለ ዱጋሳ።

አባቷ ሚያዝያ ላይ ሞተዋል።

ያን ጊዜ ሦስታችንም ወንበር ስበን ተቀመጥን። ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ለቅሶ ደራሽ ግን ቆሞ አይሄድም። እግዜር ያጽናሽ አልን፣ አንገታችንን ደፍተን እንደ ደንቡ ዝም አልን። እድር ነን፤ ሌላውን ነገር ባንችል ይህን እንችልበታለን። ልጅቷ አንዴ እኛን፣ አንዴ ወንበሮቹን አየችና አለቀሰች። ከሚያዝያ ወዲህ አብሯት ዝም ያለ ሰው አልነበረም መሰለኝ።

ከዚያ ሳንጠይቃት ተናገረች። መርከቧ የአባቷ ነበረች። የሸጧት አሁን አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ታመው ነበር። በሕይወት እያሉ እንዳይነገር ገዢዎቹን ለምነው፣ በየጉዞው ቆባቸውን አድርገው ብቅ ይሉ ነበር። እሷ በምስክርነት ፈርማለች፤ ለእናቷ እንኳ አልነገረችም። ከሞቱ በኋላ ገዢዎቹ አሁን ይነገር አሉ፤ ተነገረ።

እንግዲህ ካቻምናም አምናም የተሳፈርነው በተሸጠች መርከብ ነው። ይህን ለእድሩ ሳቀርብ የሆነውን ልነግርሽ አልችልም። ግማሹ ሰው ምግቡ ከሁለት ዓመት ወዲህ መበላሸቱን እኔ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ አለ። ደጀኔ የካቻምናው ጉዞ ከሁሉ የላቀ ስለነበር ጥፋተኞቹ የድሮዎቹ ባለቤቶች ናቸው አለ። ዱጋሳ አልጋውን ማን እንዳሳጠረበት እስካሁን አልተረዳም። የአስተናጋጁ ቃልም እውነት ሆኖ ተገኝቷል፤ የደንበኞች ስምና ስልክ በሙሉ ከውሉ ጋር በአባሪነት ተላልፏል። ተሸጠናል። እኔ ተራ ቁጥር አርባ አንድ ነኝ።

ጋሼ አለልኝ ለልጅቷ አንድ ነገር ተናግሯት ነበር፤ የመርከቧን ጉዳይ ስለማይመለከት አልጻፍኩትም።

ደብዳቤውን ለገና የሚገባ ሰው ያደርስልሻል።

ንዋይ


አዲስ አበባ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ንዋይ ወንድሜ፤

ጤና ይስጥህ። ሰውዬህ ደብዳቤውን ሦስት ሳምንት ከሻንጣው ኪስ ውስጥ ረስቶት ነበር። ትናንት አመጣው፤ ይቅርታም አልጠየቀ።

የመርከቧ ነገር ይብቃኝ። ስለ እድሩም አትጻፍልኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ ያቺን ልጅ ምን አላት?

ሮማነወርቅ


ሚኒያፖሊስ
መጋቢት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ሮማን፤

ዐቢይ ጾምን በብርታት ያስፈጽምሽ፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በጤና ያድርስሽ። ደብዳቤሽ አጭር ስለነበር ብዙ ጊዜ አነበብኩት።

ልጅቷ ንግግሯን ስትጨርስ አታለልኳችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አለች። ዱጋሳ ገና ሳይተረጉም ጋሼ አለልኝ እጇን ያዘ። ያለውን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ «ልጄ፣ አባት ካዘዘ ምን ታደርጊ ነበር? አፍሽን የዘጋሽው ለሱ ነው። አንቺ ጥፋት የለብሽም።» ከዚያ ዱጋሳን ተርጉምላት አለው። ዱጋሳ ተረጎመ። ደግመህ ተርጉምላት አለው።

ወደ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ወደ ቤቱ፣ ድራይቭ የማደርገው እኔ ነበርኩ። ላፋዬት ድልድይ ላይ ስንደርስ ለራሴም ከየት እንደመጣ ሳላውቅ «እትዬ ሮማንስ?» አልኩት። ወንዙ ከሥራችን ነበር፤ ቢፈልግ ሊያወራልኝ ይችል ነበር። አላወራም። ድልድዩን ተሻግረን፣ ከአውራ ጎዳናው ወጥተን፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከቆምን በኋላ ነው የመለሰልኝ።

«የሷ ሌላ ነው» አለኝ። «አባባ ማንንም አላዘዙም። ሊሞቱ መንፈቅ ሲቀራቸው ለገና ሄጄ ሦስት ሳምንት እዚያው ቤት አብሬያቸው አድሬያለሁ፤ ቤት አለህ እያሉኝ ነው የተለያየነው። ለቀብራቸው በወረርሽኙ ምክንያት አውሮፕላን አጥቼ ቀረሁ። እሷ አፈሩ ሳይደርቅ ሸጠችው።» በሩን ዘጋ። ተመልሶ ደግሞ ከፈተና «ሸጥሽ ወይ ስላት እኮ አዎ ነው ያለችኝ» አለ። ድምፁ ያን ጊዜ ከፍ አለ።

እኔ መጻሕፍት አነባለሁ፣ ሰው ሁሉ አዋቂ ነው ይለኛል። የእናንተ ነገር ግን አልገባኝም። ለማታውቃት ሴት የሚሰጠውን ለእህቱ የማይሰጥ ሰው ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ አይደለም። መልስ አጥቼ አይደለም ብለሽኝ ነበር። ካለሽ አሁን ነው። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ አንቺም ልጅ አይደለሽም።

ንዋይ


አዲስ አበባ
ግንቦት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለንዋይ፤

ከትንሣኤው በረከት ያካፍልህ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ይኼኛው አራተኛው ነው፤ ወረቀቱም አልቆብኛል።

ቤቱን እኔ አልሸጥኩም። አባባ ናቸው የሸጡት፤ ኅዳር 2011 ላይ፣ በሕይወት እያሉ። እኔ በምስክርነት ፈርሜያለሁ፤ ፋይሉንም በገዛ እጄ መደርደሪያው ላይ ያኖርኩት እኔ ነኝ። ኩላሊታቸው ታሞ በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ይታጠቡ ነበር፤ የቤቱ ገንዘብ ለዚያ ነው የሄደው። አለልኝ ይህን አያውቅም። ለገና በመጣ ጊዜ እነዚያን ሁለት ቀናት ቅዳሴ ልሂድ ይሉት ነበር፤ አባቴ ጸሎተኛ ሆኑ ብሎ ተደሰተ።

ገዢው ሰው ነው። እስኪሞቱ ይኑሩበት አለ፤ ቃሉን ጠበቀ። አባባ ደግሞ እኔን አስማሉኝ። «አለልኝ አገር ቤት ቤት አለኝ እያለ ይኑር። ብትነግሪው ልጄ አይደለሽም» አሉኝ። በሞቱ በወሩ ገዢው ዕቃውን አስገባ፤ ጎረቤት አየ፤ ወሬው እናንተ ዘንድ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ደውሎ ሸጥሽ ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት። መሐላ ከማፍረስ መዋሸት ቀለለኝ። ለአንድ ቀን መስሎኝ ነበር የዋሸሁት።

የነፍስ አባቴ ይህ መሐላ አያስርሽም ካሉኝ ቆይተዋል። አላመንኳቸውም። አሁንም ማመኔን እንጃ። ግን ያቺ ልጅ የአባቷን ቃል አፍርሳ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እየሠራች ነው፤ የሆነባትም ነገር የለም። አምስት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል አለልኝ ለሷ ሰጣት። በአስተርጓሚ። ሁለት ጊዜ።

አልተቀየምኳትም። አባባ ይቀየሙኝ ይሆናል፤ እዚያ ስንገናኝ እኔው እችላቸዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ወስደህ አንብብለት። ተቀምጦ ይስማ። ልጄ ስልኩን ከእንግዲህ እንዳታነሣ ነግሬያታለሁ፤ ቢደውል የማነሣው እኔ ነኝ። ባይደውልም ተናግሬያለሁ።

እህትህ ሮማነወርቅ ቂርቆስ

ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይህን አንብብለትም አታንብብለትም አንተ ታውቃለህ። ለገና በመጣ ጊዜ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ የሚያድር፣ ሲገባም ሲወጣም የግቢውን በር የሚከፍትለት ተስፋ የሚባል ሰው ነበር። አለልኝ በጣም ወዶት ነበር። ሲሄድ «ጥሩ ዘበኛ ነው፣ አታባርሩት» አለን፤ የለበሰውን ጃኬት አውልቆ ሰጠው። ተስፋ ተቀብሎ አመሰገነ። ቤቱን ከገዛ አሥራ አራት ወሩ ነበር።